መኪናዬ ዋልታ ላይ ያለች መስሏታል

እኔ በላብ ተጠምቄ መሪ ይዣለሁ። ዳሽቦርዱ ግን የውጭው ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው ይለኛል። አርባ! ያውም ከዜሮ በታች! ፀሐይዋ አናቴን እየበሳችው።

መጀመሪያ ስቄ አለፍኩት። ቁጥር ቢዋሽ ምን ይጎዳኛል? ሳቁ የጠፋው ኤሲው እምቢ ያለ ቀን ነው። ጋራዥ ወሰድኳት። "ጋዝ ነው" ተባልኩ። አሮጌው ወጥቶ አዲስ ተሞላ፣ ከፈልኩ። ያው ናት። "እንግዲያው ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ሞቷል።" ኧረ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዩልኝ! አንዱ አየልኝ፣ እግዜር ይስጠው። "ፋራናይት ላይ ተደርጎ ነው" ብሎ ቀየረው። አሁንም −40። "በቃ፣ ስክሪኑ ራሱ ስታክ አድርጓል፣ ይቀየር" አለኝ። ወንድሜ፣ −40 ላይ ሴልሺየስና ፋራናይት እኩል ናቸው! ከስንት ቁጥር መሀል እሷን መምረጧ የኔ እድል ነው።

ቤት ገብቼ ራሴ ጉዳዩን ያዝኩት። ለካ የውጭውን ሙቀት የምትለካው አንዲት ሚጢጢ ሴንሰር ናት። አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ፓራውልት ጀርባ፣ በአንዳንድ መኪና ደግሞ ስፖኪዮ ውስጥ ትቀመጣለች። ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሷ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመግታት አቅሟ፣ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ሽቦዋ ከተነቀለ ሬዚስታንሱ ጣሪያ የነካ ይመስላል። ኮምፒውተሩም የመጨረሻው ብርድ መጣ ብሎ ያምናል። በብርድ ደግሞ ኮምፕረሰሩን አያስነሳም። ሞተ የተባለው ኮምፕረሰር ትእዛዝ እየጠበቀ ነበር!

ተንበርክኬ ሳይ ሶኬቷ ተነቅላ ተንጠልጥላለች። ፓራውልቱ ከወራት በፊት ለቀለም ተፈትቶ ነበር። ቀለሙን ሦስት ጊዜ ወልውሎ ያሳየኝ ሰውዬ ይቺን መሰካት ረሳ። ሴንሰሯን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክሬ በቴስተር ለካኋት፤ ሬዚስታንሷ ወጣ። በመዳፌ ሳሞቃት ወረደ። ደህና ናት። ቀጭ አድርጌ ሰካኋት።

ቁጥሩ ወዲያው አልተስተካከለም፣ ልቤን ሰቀለው። ሞተር አጥፍቼ፣ አስነስቼ ትንሽ ስነዳ 27 አለ። ኤሲውም ነፈሰ። በነገራችን ላይ፣ መኪና ቆማ ስትቆይ የሞተሩ ሙቀት ሴንሰሯ ጋ ስለሚደርስ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ብልሽት አይደለም፣ ስትነዱ ይወርዳል። በዚህም "ሴንሰር ይቀየር" የሚል እንዳይመጣባችሁ።

ትናንት ጋራዡ ደወልኩ። "የጋዙ ገንዘብስ?" ብላቸው፣

"ጋዙ እኮ ገብቷል" አሉኝ።