እጁ ጆሮው ላይ ሲደርስ

ደሴ ላይ አንደኛ ክፍል ልመዘገብ የሄድኩበትን ጠዋት አልረሳውም። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። እናቴ ልደቴን የምታውቀው "የኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ጤፍ ሲታጨድ" ብላ ነው። መዝጋቢው መምህርም ወረቀት አልጠየቁም። "ቀኝ እጅሽን በራስሽ ላይ አዙሪና የግራ ጆሮሽን ያዢ" አሉኝ። አዞርኩ። ጣቴ ፀጉሬ ላይ ቀረ። "ለከርሞ ነይ" ተባልኩ። እናቴ እጄን ይዛ፣ እኔ እያለቀስኩ፣ የጦሳን ተራራ ፊት ለፊት እያየን ወደ ቤት ተመለስን።

ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ልጄን ላስመዘግብ ሄድኩ። አሁን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኪንደርጋርተን የሚገባ ልጅ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ አምስት ዓመት መሙላት አለበት። ልጄ የተወለደችው ኦክቶበር 4 ነው። በአራት ቀን ምክንያት አንድ ዓመት ጠበቀች። ያን ማታ ለእናቴ ደውዬ ስነግራት "እጇንስ አላዞሯትም?" አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችው። እውነቷን ነው። ወረቀቱን አዩ እንጂ ልጅቷን ያያት የለም።

ኋላ ሳነብ የመምህሩ ፈተና ዝም ብሎ የመጣ ልማድ እንዳልሆነ ገባኝ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ያህላል። የአዋቂ ሰው ግን አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልጅ ራሱ ትልቅ፣ ክንዱ አጭር ነው። ዓመት በጨመረ ቁጥር ክንዱ ይረዝማል፤ ራሱ ግን ያን ያህል አያድግም። ስድስት ሰባት ዓመት ላይ እጁ ዞሮ ጆሮው ላይ ይደርሳል። የወተት ጥርሱ መነቃነቅ የሚጀምረውም በዚያው ሰሞን ነው።

ፈተናው የሚያሳዝን ጎንም አለው። የቀነጨረ ልጅ ዕድሜው ደርሶ ክንዱ ሊዘገይ ይችላል። በቅጡ በልቶ ያላደገው ልጅ በዚያ ላይ ትምህርት ይዘገይበታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከወሎዋ ሰቆጣ ስሙን የወሰደው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. የታወጀውም ለዚህ ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እንዲያበቃ።

ባለፈው ክረምት ልጄን ይዤ ሐይቅ ከተማ እህቴ ዘንድ ከረምኩ። የእህቴ ትልቁ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ሁለት መቶ ብር ይሰጠውና ሱቅ ሄዶ ስኳርና ክብሪት ይገዛል። መልሱን ቆጥሮ ያመጣል። ሲመሽ በጎቹን ከሐይቁ ዳር መልሶ ያስገባል፤ የጎረቤቱ በግ ከተቀላቀለችም ለይቶ ያደርሳል። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይላል ተረቱ። በእህቴ ቤት ግን የዚያ ልጅ ሥራ ለራት ይበቃል።

ሰባት ዓመት ላይ እንዲህ የሚደረገው ወሎ ብቻ አይደለም። ባርባራ ሮጎፍ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ 50 ማኅበረሰቦች የተጻፈውን አገላብጣ አይታ ነበር። በብዙዎቹ ልጅ ከብት እንዲጠብቅና ታናሹን እንዲይዝ የሚታመነው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው። የስዊሱ ዣን ፒያዤም ሰባት ዓመት ገደማ የልጅ አስተሳሰብ እንደሚለወጥ ጽፏል። ወተት ከሰፊ ጣሳ ወደ ቀጭን ብርጭቆ ብትገለብጡ የአራት ዓመት ልጅ በዛ ይላችኋል። የሰባት ዓመቱ ግን "ያው ነው፣ ምንም አልጨመርሽበትም" ይላል። ቁመቱንም ስፋቱንም አንድ ላይ ማሰብ ችሏል። እንደዚያ የሚያስብ ልጅ መልስ ይቆጥራል፤ በግም ይለያል።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። እስከዚያ ክረምት ድረስ ብቻዋን አንድ መንገድ ተሻግራ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን "እኔም አብሬው ልሂድ" አለችኝ። ሆዴ ተላወሰ። እናቴ "አብሽሪ፣ እሱ አብሯት አለ" አለች። ሄዱ። እስኪመለሱ ድረስ በር ላይ ቆምኩ። ስትመለስ ፊቷ በርቷል። "ማሚ፣ ሰውዬው መልሱን ለእኔ ነው የሰጠኝ!" ሰዎች እኮ ትልቅ ሽልማት ሲያገኙ እንዲህ ነው የሚሆኑት።

እኛ እዚህ አሜሪካ የምንፈራው መኪና ብቻ አይደለም። ሰው ምን ይለኛል፣ ማን ደውሎ ይከሰኛል የሚለውም አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ብቻቸውን ከመጫወቻ ሜዳ ሲመለሱ ፖሊስ ይዟቸው ነበር። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕግ አውጥታለች፤ ልጅ ለዕድሜው የሚመጥን ነገር ብቻውን ማድረጉ በራሱ እንደ ቸልተኝነት አይቆጠርም ይላል። ሕጉ ቢለወጥም የእናት ሆድ ቶሎ አይለወጥም።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። የእህቴ ትንሹ ልጅ ሦስት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ከአራት አምስት ቃል በላይ አይናገርም። ቡናው ጀባ እየተባለ ነገሩን ሳነሳ ቤቱ ሙሉ በአንድ አፍ "አብሽሪ፣ ይናገራል" አለኝ። "አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው።" የጎረቤታችን እናት ዱዓ አደረጉለት። ይህ ፍቅር ነው። እህቴን ስንት ቀን እንዳጽናናት አውቃለሁ።

እኔ ግን ቨርጂኒያ የሕፃናት ሐኪም ቤት ስሞላ የሚያሰለቸኝ ቅጽ ትዝ አለኝ። በ9 ወር፣ በ18 ወር፣ በ30 ወር ይሰጡናል። ሁለት ቃል ያገናኛል ወይ? ስሙ ሲጠራ ይዞራል ወይ? ያኔ ለልጄ ቶሎ ቶሎ "አዎ" እያልኩ ነበር የምሞላው። ሐይቅ ላይ ከልጁ ኋላ ሆኜ ስሙን ጠራሁ። አልዞረም። ደግሜ ጠራሁ። አልዞረም።

"ጆሮው ይመግላል፤ ጥርስ ካበቀለ ጀምሮ ነው። ይለቀዋል ብለን ነው" አለች እህቴ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታቸው ድረስ እየመጣች፣ ምግብ አንሶት እንደሆነ ለማየት ክንዱን በመለኪያው ለክታዋለች። ክንዱ ደህና ነው። ስለ ጆሮው የጠየቀ ግን አልነበረም። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቢጨመርላት ይህን ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ታገኘው ነበር። ያ ጊዜ ደግሞ ልጅ ቋንቋ የሚለቅምበት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

በማግሥቱ ደሴ ወሰድነው። የቆየ ኢንፌክሽን ነው ተባለ። የጆሮው ታምቡር ተበስቶ መስማቱ ቀንሷል። መድኃኒት ተሰጠው፤ ቀጠሮም ተያዘለት። እህቴ ታክሲ ውስጥ አቅፋው ስታለቅስ "ስንቴ እልኸኛ ብዬ ተቆጣሁት" አለችኝ።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደወልን። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶን በጨርቅ ኳስ ይጫወታል። ልጄ ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ ጮክ ሳትል ስሙን ጠራችው። ዞር አለ።

"ሱቅ እንሂድ?" አለችው።

ጫማውን ፍለጋ ሮጠ።