ፖስትዶክ ላት የለውም

የአሜሪካው የንግድ ሚኒስትር ሃዋርድ ሉትኒክ በፈረንጆቹ መስከረም 2025 የተናገሩት ነገር አሁንም ያበግነኛል። ከውጭ ባለሙያ በኤች-ዋን-ቢ፣ በሥራ ቪዛው፣ ማስመጣት የሚፈልግ በየዓመቱ 100,000 ዶላር ይክፈል፤ ሰውየው ያን ያህል የማያወጣ ከሆነ ግን አገሩ ይግባ፤ የንግግራቸው መንፈስ ይሄ ነበር። በማግስቱ ዋይት ሐውስ ብቅ ብሎ «በየዓመቱ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም ለአዲስ አመልካች» አለ። እልል እንበል?

በግ ተራ ሄደህ ላቱን ትመዝናለህ፣ ሽንጡን ትዳብሳለህ፣ ዋጋ ትቆርጣለህ። ፖስትዶክ፣ ዶክትሬቱን ጨርሶ በሌላ ተመራማሪ ላብ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራው ጀማሪ ተመራማሪ፣ ላት የለውም። ምኑን ዳብሰው ነው ያወጣል አያወጣም የሚሉት?

እኔ የማውቀው የእይታ ምርምር ነው፤ ዓይን ያየውን አንጎል እንዴት እንደሚተረጉመው የሚያጠናው ዘርፍ። ቶርስተን ዊዝል በ1955 ከስዊድን ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሲመጣ ፖስትዶክ ነበር። የተቀበለው የላብ ኃላፊ ስቲቨን ኩፍለርም የሃንጋሪ ተወላጅ ነው። በ1958 ካናዳ ተወልዶ የተማረው ዴቪድ ሂዩብል ተቀላቀለው። ሁለቱ ድመት አስተኝተው፣ አንጎሏ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ሰክተው፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ያሳዩአት ጀመር። ሴሎቹ ዝም። ጥቁር ነጥብ፣ ብሩህ ነጥብ፣ ምንም የለም። እንግዲህ በዚያች ሰዓት አንድ ሚኒስትር በሩን ከፍቶ «እነዚህ ሰዎች ስንት ያወጣሉ?» ቢልስ? ድመት ላይ ነጥብ የሚያበሩ ሁለት ጎልማሶች! በመጀመሪያው አውሮፕላን ይሸኛቸው ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን የመስታወቷን ስላይድ ወደ መሣሪያው ሲያስገቡ የሴሉን ምልክት የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ እንደ መትረየስ ተንጣጣ። ሴሉን የቀሰቀሰው ነጥቡ አልነበረም። የስላይዷ ጠርዝ የጣለው ቀጭን ጥላ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ያዘነበለ መስመር። አንጎል ዓለምን ከመስመር እንደሚገነባ ፍንጭ የተገኘው እንዲህ በአጋጣሚ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለጥቂት ወራት ዘግተው ከፈቱት። ዓይኑ ደህና ነው፤ አንጎሉ ግን ያንን ዓይን ረስቶታል። ዛሬ ከነዓይን ሞራው የተወለደ ሕፃን ገና በሳምንታት ዕድሜው ወደ ቀዶ ሕክምና የሚጣደፈው ለምን እንደሆነ ያስረዳን ይህ ሥራ ነው። ኖቤሉ የመጣው በ1981። 23 ዓመት! ላቱ እስኪታይ ይህን ያህል ተጠበቀ።

«ለአሜሪካዊው ወጣት ቦታ ይለቀቅለታል» የሚለው ክርክር ደግሞ ያስቀኛል። የቱ ቦታ? የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ2024 ለጀማሪ ፖስትዶክ ያወጡት መነሻ ክፍያ 61,008 ዶላር ነው። የራሳቸው አማካሪ ቡድን በታኅሣሥ 2023 ቢያንስ 70,000 ይሁን ብሎ መክሮ ነበር። ዶክትሬቱን ይዞ በሰላሳዎቹ ዕድሜ ለዚህ ደመወዝ የሚጋፋ ሰልፍ እኔ አላየሁም። የቪዛው ክፍያ ብቻውን ከዓመት ተኩል ደመወዙ ይበልጣል። ደግሞ ወንበሩን ራሱን እያወጡት እኮ ነው። የአንጎል ምርምሩ ትልቅ መርሐ ግብር፣ ብሬይን ኢኒሼቲቭ፣ በ2023 680 ሚሊዮን ዶላር ነበረው። በ2024 402፣ በ2025 321 ሚሊዮን። ይሄን ደግሞ የውጭ ፖስትዶክ ሰረቀው በሉኛ!

ብዙው ተመራማሪ በጄ-ዋን፣ በልውውጥ ቪዛው፣ ነው የሚገባው፣ ክፍያው አይነካውም የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ልክ ናቸው። ግን ጄ-ዋን ለተመራማሪ ቢበዛ 5 ዓመት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሲጨርስ አገሩ ተመልሶ 2 ዓመት የመቀመጥ ግዴታ አለበት። ግዴታውን ተወጥቶ ከአዲስ አበባ ኤች-ዋን-ቢ ሲጠየቅለት መቶ ሺዋ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ሕግ ያከበረው ነው የሚቀጣው።

የማውቀው ልጅ አለ፤ ዶክትሬቱን በእይታ ላይ የሠራ ጎበዝ። አንድ ላብ ሊቀጥረው ተስማምቶ ነበር። ኃላፊዋ በኋላ «እኛ እንፈልግሃለን፣ የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ግን ከውጭ በዚህ ቪዛ መቅጠር አቁሟል» ብላ ጻፈችለት። አሁን ጀርመን ውስጥ በዚሁ ጥናት የታወቀችው ቱቢንገን ላይ ዓይኑን ጥሏል። ባለፈው ስደውልለት በጀርመንኛ «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» እያለ ነበር ስልኩን ያነሳው።