በሳን ሳባ ያልተነገረው የአፓቺዎች ታሪክ

ቴክሳስ ውስጥ ሜናርድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እንግዳ የሚሄደው የስፔኖችን የድንጋይ ምሽግ ለማየት ነው። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ነው። ያምራል። ግን ከሚታየው ግንብ ብዙው በ1930ዎቹ እንደገና የተካበ ነው።

ልቤን የነካው ከወንዙ ማዶ ያለው ቦታ ነው፤ ከምሽጉ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሳን ሳባ ሚሲዮን፣ ማለትም የስፔን መነኮሳት ሊፓን አፓቺ የሚባሉትን የአገሬውን ተወላጆች ክርስቲያን ለማድረግ የተከሉት ሰፈር የነበረው እዚያ ነው። ዛሬ የግለሰብ እርሻ ስለሆነ ከመንገድ ዳር ሆኜ ነው ያየሁት። ግድግዳ የለ፣ ደወል የለ፣ ዝም ያለ ማሳ ብቻ።

ሚሲዮኑ የተተከለው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1757 ሲሆን ዓመት እንኳ አልሞላውም። ምሽጉ ያን ያህል የራቀው መነኮሳቱ ራሳቸው ወታደሮቹ ይራቁልን ስላሉ ነው። በሌሎች ሚሲዮኖች ወታደር በአገሬው ሴቶች ላይ የሚያደርሰውን አይተዋል። ማርች 16 ቀን 1758 ኮማንቺ የሚባሉ ሌሎች የአገሬው ተወላጆችና አጋሮቻቸው፣ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ፣ መጥተው አቃጠሉት። አባ አሎንሶ ዴ ቴሬሮስና አባ ሆሴ ዴ ሳንቲስቴባን ከተገደሉት መካከል ናቸው። የአባ አሎንሶ ባለጸጋ ዘመድ ሁለቱን ትልቅ ሥዕል አሣለላቸው፤ ሥዕሉ ዛሬ ሜክሲኮ ሲቲ ይገኛል።

ሚሲዮኑ የተሠራላቸው ሊፓን አፓቺዎችስ? በጁን 1757 በሺህ የሚቆጠሩት መጥተው አጠገቡ ሰፈሩ። ከዚያ ጎሽ አደን አለብን ብለው ሄዱ። አንድም ቤተሰብ ገብቶ አልኖረበትም። ብዙ ጊዜ ይህ እንደ ወላዋይነት ይወራል። እኔ ግን ማስተዋል ይመስለኛል። ኮማንቺ ጠላታቸው ነው፤ ሜዳ ላይ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ መቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ከመነኮሳቱ በላይ ያውቃሉ። የሆነውም ያ ነው።

ቦታው ጠፍቶ ኖሮ በ1993 ነው አርኪዮሎጂስቶች ያገኙት። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ በእሳት የጠነከረ የግድግዳ ምርግ ነው። የእንጨቱ ቅርጽ ጭቃው ላይ ታትሞ ቀርቷል። ጭቃ ቤት ላደገ ሰው ይህ ሆድ ያባባል።

የሊፓን ተወላጆች ዛሬም ቴክሳስ ውስጥ አሉ። እዚያ መንገድ ዳር አያቶቻቸው ለምን እንዳልገቡ በራሳቸው አንደበት የሚናገር ሰሌዳ ይቁምላቸው። ሜናርድ የምትሄዱም ምሽጉ ጋ ፎቶ ተነስታችሁ አትመለሱ። ወንዙን ተሻገሩና ማሳውን እዩት።