ማስተካከያ፦ ቢፌ ዴ ቾሪሶ ቋሊማ አይደለም

ባለፈው ስለ ቦነስ አይረስ ፓሪሻዎች፣ ማለትም በፍም ሥጋ ስለሚጠብሱት የሰፈር ምግብ ቤቶች ስጽፍ ተሳስቻለሁ። «ቢፌ ዴ ቾሪሶ ትልቅ ቋሊማ ነው» ብዬ ነበር። አይደለም! ቋሊማው ቾሪሶ ብቻ ነው የሚባለው። ቢፌ ዴ ቾሪሶ ግን ከከብቱ ወገብ አካባቢ የሚወጣ፣ በአንድ በኩል ጮማ የያዘ ወፍራም ሥጋ ነው። ትናንት ተመልሼ ሄጄ ያንኑ አዘዝኩ፤ አስተናጋጁ ሦስት ጣት የሚወፍር ሥጋ ጮማው እየተንጨረጨረ ፊቴ ሲያስቀምጥ፣ እኔ ቋሊማዬን ልከትበት ዳቦዬን ለሁለት ከፍዬ እየጠበቅኩ ነበር። (አልተቀየምኩም፣ ጨርሼዋለሁ።)

ሒሳቡም ላይ አሳስቻችኋለሁ። ደረሰኙ ላይ «ኩቢየርቶ» የሚለው ቲፕ ስለሆነ ሌላ አትጨምሩ ብዬ ነበር። ኩቢየርቶ በየሰው ሒሳብ ለዳቦውና ለገበታው ዕቃ የሚከፈል እንጂ የአስተናጋጁ አይደለም፤ ለእሱ 10 በመቶ ገደማ ለብቻው መተው ነው የተለመደው። እኔን አምናችሁ ዝም ብላችሁ የወጣችሁ ካላችሁ፣ በጣም ይቅርታ።

አንድ የዘለልኩትም አለ። ፓሪሻዳ ስታዙ፣ ያ የተቀላቀለው ጥብስ ማለቴ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሞርሲሻ የሚባል ጥቁር ቋሊማ አብሮ ይመጣል። የሚሠራው ከደም ነው። ደም የማትበሉ «ሲን ሞርሲሻ» በሉ፣ ያለሱ ያመጡላችኋል።