ፒቸሩን በቡድኑ ሽንፈት አትክሰሱት

ኅዳር በገባ ቁጥር አንድ ነገር ያበሽቀኛል። ዛሬስ ልተንፍሰው።

በአሜሪካ ቤዝቦል የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሳይ ያንግ የሚባለውን ሽልማት ይወስዳል። ፒቸር ማለት ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች ነው። ሁለት ሊግ ስላለ በየዓመቱ ሁለት ሰው ይሸለማል። ስማቸው በተነገረ ማግስት ሥራ ቦታ እረፍት ላይ፣ ካፌ ውስጥ፣ ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች ጋ፣ የትም ብትሄዱ አንዱ ብድግ ብሎ «ስንት ጨዋታ አሸንፎ ነው የሸለሙት?» ይላል። ሌላው ይቀበለዋል። በቃ፣ ክርክሩ ከዚያ ወዲያ አያልፍም።

በ2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የፒትስበርጉ ፖል ስኪንስ ተሸለመ። 30ውም መራጭ ጋዜጠኞች አንደኛ ብለው ነው የመረጡት። በዘጠኝ ኢኒንግ (ዘጠኝ ዙር፣ የአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ) በአማካይ የገባበት ነጥብ 1.97 ብቻ ነው። ከሁለት በታች! እኔ ጋ የመጣው ጥያቄ ግን «10 አሸንፎ 10 የተሸነፈ ሰው ምኑ ይሸለማል?» የሚል ነበር። ፒትስበርግ እኮ በዚያ ዓመት 71 አሸንፎ 91 የተሸነፈ ቡድን ነው። ልጁ ምን ያድርግ? ከ2022 ጀምሮ በሁለቱም ሊግ ፒቸር ዱላ ይዞ አይወጣም። እንደ ኦታኒ ሁለቱንም የሚችል ካልሆነ በስተቀር በእሱ ፈንታ የሚመታ ሌላ ሰው አለ። ስለዚህ ስኪንስ ለቡድኑ አንዲት ነጥብ የሚያስቆጥርበት መንገድ የለውም። የማይመታን ሰው ቡድንህ ነጥብ አላገባም ብሎ መክሰስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

እስቲ በእግር ኳስ አስቡት። በረኛው 90 ደቂቃ ሙሉ ሲያድን ዋለ። አጥቂዎቹ ባዶ ጎል ፊት ሳቱ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ። በረኛውን «አላሸነፍክም» ብሎ የሚወቅስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ «አሸነፈ» የሚባለው ነገር የሚመዘገብበት ደንብ ነው። ጨዋታውን የጀመረ ፒቸር አሸነፈ እንዲባል ቢያንስ አምስት ኢኒንግ መጨረስ አለበት። ሲወጣ ቡድኑ መምራት አለበት። ከዚያም ተቀይረው የሚገቡት ፒቸሮች መሪነቱን እስከ መጨረሻ መጠበቅ አለባቸው። አንዱ ካበላሸው የጀማሪው ድካም ገደል ገባ። ይባስ ብሎ፣ ነጥቡ የገባበት ተቀያሪ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ መልሶ ከመራና ካሸነፈ፣ ድሉ ብዙ ጊዜ ለእሱ ለራሱ ይጻፍለታል። ሰባት ኢኒንግ ዜሮ የወረወረው ምንም አያገኝም፣ ያበላሸው አሸናፊ ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ ቁጥር ነው ሰው የምንመዝነው!

እኔ ሲያትል ነው የምኖረው። የከተማችንን ቡድን የማሪነርስን ፒቸር ፌሊክስ ኸርናንዴዝን ያየ የዚህ ከተማ ሰው ለምን እንደምናደድ አይጠይቀኝም። በ2010 ፌሊክስ 13 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። ይሄን ብቻ የሰማ መካከለኛ ፒቸር ይመስለዋል። የገባበት አማካይ ግን 2.27 ነው፣ ከሊጉ ሁሉ ዝቅተኛው። 249 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ወርውሯል፣ ከሊጉ ሁሉ ብዙው። 232 መቺ በስትራይክአውት፣ ማለትም ኳሱን ሳያስመታ፣ መልሷል። ታዲያ ለምን 12 ተሸነፈ? ማሪነርስ በዚያ ዓመት 162 ጨዋታ ተጫውቶ በድምሩ 513 ነጥብ ብቻ ነው ያስቆጠረው። በጨዋታ ሦስት ነጥብ እንደ ምንም። 101 ጊዜ ተሸነፈ። ፌሊክስ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ከገባበት በኋላ እኛ ሬዲዮ ላይ ተጥደን አንድ ሰው እንኳ ይምታ ብለን እንለምን ነበር።

በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ያንኪሱ ሲሲ ሳባቲያ 21 አሸንፎ ነበር። የገባበት 3.18 ነው። ጎበዝ ፒቸር ነው፣ ማንም አይክድም፤ ግን ከኋላው እንደ ጉድ ነጥብ የሚያስቆጥር ቡድን ነበረው። ያኔ መራጮቹ ደግ ሥራ ሠሩ። ከ28 አንደኛ ድምፅ 21ዱን ለፌሊክስ ሰጡ። የዚያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከእንግዲህ ይሄ የድል ቆጠራ አበቃለት ብዬ ነበር። በእርግጥ መራጮቹ ጋ እየቀረ ነው። በ2018 የኒው ዮርክ ሜትሱ ጄከብ ዴግሮም 10 አሸንፎ 9 ተሸንፎ፣ ግን 1.70 ብቻ ገብቶበት፣ ከ30ው 29ኙ መረጡት። እኛ ተመልካቾቹ ነን የቀረነው። ቴሌቪዥኑም ዛሬም ፒቸሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ያንኑ የአሸነፈ የተሸነፈ ቁጥር ነው።

ቁጥር ብቻ ነው፣ ምን ችግር አለው የሚለኝ ሰው አለ። ችግርማ አለው። ሰዎች ተጎድተውበታል።

ኖላን ራያንን ውሰዱ። 27 የውድድር ዓመት ወርውሯል። 5,714 ስትራይክአውት አለው፣ እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ሳይ ያንግ አንድም ጊዜ አልወሰደም። አንድም! በ1987 የ40 ዓመት ሰው ሆኖ ለሂውስተን ሲወረውር፣ በሊጉ ትንሽ ነጥብ የገባበት እሱ ነበር፣ 2.76። በስትራይክአውትም በ270 አንደኛ ነበር። ግን 8 አሸንፎ 16 ተሸነፈ፣ ቡድኑ ስለማይመታለት። በሳይ ያንግ ምርጫው አምስተኛ ወጣ። ሽልማቱ 89 ኢኒንግ ብቻ ለወረወረ ተቀያሪ ፒቸር ተሰጠ። ራያን 211 ኢኒንግ ወርውሮ ነበር። ይሄን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የዮሐን ሳንታና ደግሞ ይብሳል። በ2004 ያለ ተቃውሞ ተሸለመ። በ2006ም ያለ ተቃውሞ ተሸለመ። መሀል ላይ ያለው 2005 የት ሄደ? ባርቶሎ ኮሎን 21 ስላሸነፈ ለእሱ ሰጡት። ሳንታና 16 ነበር ያሸነፈው። ግን የሳንታና 2.87፣ የኮሎን 3.48። የሳንታና 238 ስትራይክአውት፣ የኮሎን 157። አንደኛ ድምፅ ኮሎን 17፣ ሳንታና 3። ሦስት ብቻ! ሦስት ዓመት በተከታታይ የተሸለመ ሰው ይባል ነበር። ከዚያ ትከሻው ተጎዳ፣ የጨዋታ ዘመኑ አጠረ። በ2018 የሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል ታላላቆች የክብር መዝገብ) ድምፅ ሲሰጥ 2.4 በመቶ አግኝቶ በአንድ ዓመት ከዝርዝሩ ወጣ፤ ለመቆየት 5 በመቶ ያስፈልግ ነበር። ያቺ የተነጠቀች ዋንጫ ብትኖር እንዲህ በቀላሉ ይጥሉት ነበር? አይመስለኝም።

ስለ ድምፅ ካነሳሁ የ2016ን ሳልናገር አላልፍም። 30 ጋዜጠኞች እያንዳንዳቸው አምስት ስም ይጽፋሉ። አንደኛው 7 ነጥብ፣ ሁለተኛው 4፣ ከዚያ 3፣ 2፣ 1። ጀስቲን ቨርላንደር 14 አንደኛ ድምፅ አገኘ። ሪክ ፖርሴሎ 8። ያሸነፈው ግን ፖርሴሎ ነው፣ 137 ለ132። ለምን? ሁለት ጋዜጠኞች ቨርላንደርን ከአምስቱ ውስጥ እንኳ አላስገቡትም። ሁለቱም ሦስተኛ ቢሉት ስድስት ነጥብ ያገኝ ነበር፣ ዋንጫውም የእሱ ነበር። በስትራይክአውት ሊጉን የመራ ሰው እንዴት ከአምስት ውስጥ ይታጣል? ፖርሴሎ 22 አሸንፎ 4 ተሸንፎ ነበር፣ ያው ቁጥር መሆኑ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ሽልማቱ የተሰየመለት ሳይ ያንግ ራሱ እኮ የታወቀው በ511 ድል ነው» ይለኛል። እውነት ነው። ግን ሙሉውን ንገሩኝ። ያ ሰው 749 ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ወርውሮ ጨርሷል። በዚያ ዘመን ፒቸር ጀምሮ ይጨርስ ነበር፣ ዱላም ይዞ ይመታ ነበር። ድሉ በአብዛኛው የራሱ ነው ቢባል ያስኬዳል። ዛሬ ስድስት ኢኒንግ ወርውሮ ይወጣል፣ ቀሪውን ሦስት አራት ሰው ይከፋፈለዋል። በ2021 ኮርቢን በርንስ 167 ኢኒንግ ብቻ ወርውሮ ተሸልሟል። (ዛክ ዊለር 213 ወርውሮ መቅረቱ ሌላ ብሶት ነው፣ ለሌላ ቀን።) ጨዋታው እንዲህ ተለውጦ ሳለ የያኔውን ሚዛን ለዛሬ ሰው ማምጣት ልክ አይደለም።

አሁን ክርክሩ ወደ ሆል ኦፍ ፌም ዞሯል። ፌሊክስ በ2025 መጀመሪያ ስሙ ሲቀርብ 20.6 በመቶ አገኘ። 75 ያስፈልገዋል። «169 ብቻ ነው ያሸነፈ፣ ፕሌይኦፍም (የዓመቱ መጨረሻ የጥሎ ማለፍ ውድድር) ወርውሮ አያውቅም» ይላሉ። ፕሌይኦፍ ያልወረወረው ማሪነርስ እሱ በነበረበት 15 ዓመት አንድም ጊዜ ስላላለፈ ነው! ሌላ ቡድን ሄዶ ማሸነፍ እየቻለ ሲያትል ውሉን አድሶ የቀረ ሰው ነው። ታማኝነቱን እንደ ጥፋት አትቁጠሩበት። ቢያንስ የዚህ ከተማ ሰው የሆናችሁ፣ ነገ እረፍት ላይ ስሙ ሲነሳ «ስንት አሸነፈ» ብላችሁ አትጀምሩ። ስንት ገባበት ብላችሁ ጠይቁ።