ለክቡር ክብ ማኅተም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ የለውም፤ መዝገብ ቤቱ ዝግ ነበር
ቀን፦ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለክቡር ክብ ማኅተም
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእርስዎ አለመገኘት ምክንያት በእንጥልጥል ስለቀረ የአራት ሳምንት የውጭ አገር የሆስፒታል ልምምድ

ክቡር ሆይ፤ በአድራሻው ላይ «ባሉበት» ያልኩት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ያሉበትን ባውቅ ኖሮ ወረቀት ሳላበላሽ በእግሬ እመጣ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ፣ ጳጉሜንን ጨምሮ ማለቴ ነው፣ ከቸርችል ጎዳና ወደ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ እየተመላለስኩ ስፈልግዎ ከርሜ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ እርስዎ ዘወትር መሳቢያ ውስጥ እንዳሉ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ዘወትር በአንድ ሰው እጅ እንደሆነ፣ ያም ሰው ዘወትር ስብሰባ ላይ እንደሆነ ነው።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። በመሃል አዲስ አበባ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የአምስተኛ ዓመት ተማሪ፣ በእኛ አጠራር «ሲ ቱ» ነኝ። በብዙ አገሮች የሕክምና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ጥቂት ሳምንታትን ራሱ በመረጠው የሙያ ዘርፍ፣ ከፈለገም ባሕር ተሻግሮ እንዲያሳልፍ ይፈቀድለታል፤ ይህም ኢሌክቲቭ ይባላል። እኔም በአውሮፓ አንድ ሆስፒታል የስትሮክ (የአንጎል የደም ቧንቧ መዘጋት ወይም መድማት) ክፍል ለአራት ሳምንት ቆሜ ለማየት አመለከትኩ። የደም ርጋታውን የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛው መመሪያ መሠረት ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት ሲኖርበት፣ እኔ ዋርድ ውስጥ የማገኛቸው ሕመምተኞች ግን አብዛኞቹ አፋቸው ከተጣመመ፣ እጃቸው ከዛለ አንድና ሁለት ቀን አልፏቸው፣ ጸበልም ሌላ ጤና ጣቢያም ደርሰው የመጡ ናቸው። እዚያ ሕመምተኛው ከበሩ እስከ ሲቲ ስካን፣ ከሲቲ ስካኑ እስከ መርፌው ድረስ ማን ምን እንደሚይዝለት፣ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ማወቅ ፈለግሁ። ማሽኑን በሥዕልም አይቼዋለሁ፤ የናፈቀኝ ጥድፊያው ነው። ጥድፊያ የሚባለው ነገር ለእርስዎ እንግዳ ስለሆነ ከዚህ በላይ አላብራራም።

መልሱ በሦስተኛው ቀን በኢሜይል መጣ። እርግጥ የተጻፈው ለአባቴ ነበር። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲለኝ እኔ የአባቴን ስም ከመሙላት በቀር ምን ማድረግ እችል ነበር? በዚህም የተነሣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር አባቴ ለጥር ወር በነርቭ ሕክምና ክፍል በአክብሮት እንደሚጠበቁ ተነገራቸው። ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡና «በጥር አውሮፓ ብርድ ነው፤ እኔ አልሄድም» አሉ።

የእንዲህ ያለ ጉዞ ዕቅድ ቲኬት በመቁረጥ የሚጀመር የሚመስለው ብዙ ነው። የሚጀመረው ከክንድ ነው። ተቀባይ ሆስፒታሎች ሕመምተኛ እንድንነካ ከመፍቀዳቸው በፊት ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ የሔፓታይተስ ቢ (የጉበት በሽታ) መከላከያ ሲሆን፣ ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ቀደም ብለን የተወለድን ተማሪዎች ከዜሮ እንጀምራለን። ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው አንድ ወር፣ ሦስተኛው ስድስት ወር ቆይቶ ይወጋል፤ ከዚያ ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ታግሶ ደም ይሰጥና መከላከያው በሊትር ቢያንስ 10 ዩኒት መድረሱ ይለካል። ስለዚህ ለጥር 2018 ጉዞ፣ ገና የሚቀበለኝ ሆስፒታል ሳላገኝ፣ መጋቢት 2017 ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ መጣ፤ የቆዳው ምርመራ በሕፃንነታችን በወሰድነው የነቀርሳ ክትባት፣ በቢሲጂ፣ ሊሳሳት ይችላል ብለው የደሙን ጠየቁ፤ ሰጠሁ። ለሸንገን ቪዛ ማመልከቻው ከጉዞው ከ6 ወር በፊት አይቀርብም፣ 15 ቀን ከቀረውም በኋላ አይቀርብም፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን፣ 90 ዩሮ ክፍያ፣ ስፋቱ 35 ቁመቱ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ፎቶ፣ የአጎቴ የባንክ ስቴትመንት። ይህ ሁሉ ለኪስም ለልብም ከባድ ነው፤ ነገር ግን ተጽፎ የተቀመጠ ስለሆነ ሰው ቆጥሮ ይገባበታል። ጉበት የሚያቃጥለው በሽታ እንኳ ቀጠሮ ያከብራል። የእርስዎን የጊዜ ሰሌዳ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም።

ከትምህርት ቤቴ የሚፈለገው አራት መስመር ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ ተማሪያችን ነው፣ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል፣ ለአራት ሳምንት ቢሄድ አንቃወምም። ፊርማውን ያገኘሁት በኮሪደር ላይ ነው። ኃላፊው ከአንድ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ወረቀቴን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ አንድ ጊዜ አንብበው ፈረሙ፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። እኔም በሞኝነቴ ጉዳዩ አለቀ ብዬ ማኪያቶ ጠጣሁ።

ቁልፍዎን የያዙት እናት የዋህ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም።

«እትዬ፣ ማኅተም ብቻ ነው የቀረኝ» አልኳቸው።

«ማኅተም ብቻ?» አሉኝ ከሻያቸው ቀና ብለው። «ልጄ፣ ማኅተም ብቻ የሚባል ነገር የለም።»

ደብዳቤው መጀመሪያ ወጪ ቁጥር ያስፈልገው ነበር፤ ቁጥሩን የሚሰጡት ሰው ደግሞ ምሳ ላይ ነበሩ። በእንጨት አግዳሚው ላይ 40 ደቂቃ ተቀመጥኩ። አንድ ትልቅ የአንጎል የደም ቧንቧ ተዘግቶ ሳይታከም ሲቀር በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋስ እንደሚሞት ስለተማርኩ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ሒሳቡን ሠራሁት፦ 76 ሚሊዮን። ይህ እንግዲህ አንድ ሰው ምሳውን አጣጥሞ እስኪመለስ ነው።

በመጨረሻ ከማተባቸው ጋር ያሰሩትን ቁልፍ ከአንገታቸው አውጥተው መሳቢያውን ከፈቱ። ከጨርቅ ውስጥ ወጡ፤ ጥቁር እጀታዎ በብዙ መዳፍ ተወልውሎ ያብረቀርቅ ነበር። እናታችን አሮጌ ጋዜጣ አጥፈው ከደብዳቤው ሥር አነጠፉ፣ ወደ አፋቸው አስጠግተው ሁለት ጊዜ «ሃ! ሃ!» አሉብዎ፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ተጭነው ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ግራና ቀኝ ወዘወዙዎት። ሲነሡ ግማሽ ጨረቃ ታየ፤ ቀለሙ ደርቋል። እንደገና ተመቱ። አሁን ጨረቃዋ ሁለት ሆነች። ቀኑ ጳጉሜን 3 ነበርና በጎኑ «03/13/2017» ብለው በጥንቃቄ ጻፉበት።

ስካን አድርጌ በዚያው ምሽት ላክሁት። የአውሮፓዋ አስተባባሪ መልስ ልብ የሚነካ ትሕትና ነበረው። በአገሯ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማይታወቅ ቀኑ ግራ አጋብቷት፣ በአሜሪካኖች አጻጻፍ ገልብጣ ብታነበው ማርች 13 ቀን 2017 ሆኖላታል። «ደብዳቤህ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ አዲስ ልትልክልን ትችላለህ?» አለችኝ። በዚያ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ይህን ልነግራት አስቤ ተውኩት። የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ ለቱሪስት እንጂ ለተማሪ እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባኝ።

መስከረም ላይ ደብዳቤው በፈረንጅ ቀን እንደገና ተጻፈ፣ እንደገና ተፈረመ፣ ፊርማው አሁንም ግማሽ ደቂቃ ፈጀ። ባለ ቁልፏ ግን ለመስቀል አገር ቤት ገብተዋል። ተወካይ አለ፤ ተወካዩ ወንበሩን እንጂ ቁልፉን አልተወከሉም። ጥቅምት ሲጋመስ ተገናኘን። በዚህ ጊዜ ቀለምዎ አዲስ ነበር፤ ሙሉ ክብ ሆነው፣ ደምቀው፣ ከቦታ ሁሉ ቦታ መርጠው በስሜና በአባቴ ስም ላይ ዐረፉ። ከሐምራዊው ኩሬ ሥር የቀረው «እኚህ ተማሪ» የሚለው ብቻ ነው። አስተባባሪዋ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ያ ሐምራዊ ክብ ነገር ስምህን ሸፍኖታል። ያለ እሱ ብትልክልን ይበቃናል፤ የኃላፊው ፊርማና የኢሜይል አድራሻ ካለ ሌላ አንፈልግም።»

ክቡር ሆይ፤ ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በብሔራዊ ቲያትር አጠገብ ቆሜ ነበርና ፊት ለፊቴ ያለውን የድንጋይ አንበሳ ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱም የሰማ አይመስልም ነበር። ለካስ ስፈልግዎ የከረምኩት የማይፈልግዎትን ሰው ለማስደሰት ኖሯል።

ወደ ቢሮው ሮጬ ያለ ማኅተም አንድ ቅጂ እንዲሰጠኝ ለመንኩ። ቢሮው ፀጥ አለ። «ያለ ማኅተም ደብዳቤ አይወጣም» አሉኝ፤ ቀጥለውም፣ ልጅነቴን አይተው ሊረዱኝ ስለፈለጉ ነው፣ መፍትሔ ሰጡኝ፦ ማኅተም እንደማያስፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ ከተቀባዩ ሆስፒታል ይምጣ። ማኅተም ያለበት። አስተባባሪዋን ጠየቅኋት። ሆስፒታላቸው እንዲህ ያለ ዕቃ እንደሌለው፣ ነገር ግን አስፈላጊ ከሆነ ፈገግ ያለ ፊት የሚያትም የሕፃናት ክፍል መጫወቻ እንዳለ መለሰችልኝ። አቀረብኩት። አልተቀበሉትም፤ ክብ መሆኑን ግን አምነዋል።

በዚሁ ሰሞን አንዲት የውጭ አገር ተማሪ ለኢሌክቲቭ ወደ ዋርዳችን መጣች። የያዘችው የታተመ ኢሜይልና ስቴቶስኮፕ ነበር። በሪውማቲክ የልብ ሕመም የጠበበ የልብ በር የሚያሰማውን ድምፅ በመጽሐፍ አንብባዋለች፣ በጆሮዋ ግን ሰምታው አታውቅም፤ እዚያ እጅግ ብርቅ ሆኗል፣ እኛ ዘንድ ግን ከአልጋ አልጋ ይገኛል። ሕመምተኛዋን በግራ ጎኗ አስተኝተን፣ የስቴቶስኮፑን ደወል በቀስታ አስቀምጬ፣ «እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነው፤ ታገሺው» አልኳት። ስትሰማው ዐይኗ ፈካ። ከዚያ «አንተስ መቼ ነው ወደ እኛ የምትመጣው?» አለችኝ። ስለ እርስዎ ላስረዳት ሞከርኩ። «ክብ?» አለች። አዎ፣ ክብ። በመምጣቷ ደስ ብሎኛል፤ ወደፊትም ይምጡ። እሷ ግን በአራት ሳምንት ያንን ነጎድጓድ ሰምታ ተመለሰች፤ እኔ በአምስት ወር የሰማሁት «ነገ ና» የሚለውን ነው።

ዘርዎ ትልቅ መሆኑን አልክድም። በነገሥታቱ ዘመን የቀድሞ አባቶችዎ በደብዳቤው አናት ላይ ዐርፈው፣ አንበሳቸውን ይዘው «ሞዐ አንበሳ» እያሉ ከጽሑፉ ቀድመው ይናገሩ ነበር። ምናልባት ከአናት ወደ ግርጌ መውረድዎ ይሆናል እንዲህ ያስመረረዎ። ቢሆንስ የእኔ ስም ምን አደረገዎት?

ተቀባዩ ሆስፒታል ቦታዬን እስከ ኅዳር 30 ብቻ እንደሚይዝልኝ ነግሮኛል። ሦስተኛው መርፌ ተወግቷል፣ ደሜ ተለክቶ አልፏል፣ መድኑ ተከፍሏል። የምለምነው ትንሽ ነው፦ ከመሳቢያዎ አንድ ጊዜ ይውጡ፤ ሲወጡም እባክዎ ከስሜ በታች ባለው ባዶ ቦታ፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ቀኝ ዐረፍ ይበሉ። በእርሳስ ምልክት አድርጌልዎታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ አለው፤ ማኅተም የለውም)

ግልባጭ፦
ለመሳቢያው ቁልፍ፣ በአንገት ላይ
ለተወካዩ፣ በወንበሩ ላይ
ለአባቴ፣ «ምናልባት» ብለው ከጎረቤት የተዋሱትን የክረምት ካፖርት እስከ ኅዳር 30 እንዳይመልሱት