እድርን ያቆመው ደንቡ ነው ወይስ ይሉኝታ?

ማኅበረሰብን አንድ ላይ የሚይዘው ምንድን ነው? ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ሁለት ተከራካሪዎች ወደ እድር አወረዱት። አንደኛው የአንድ ኮንዶሚኒየም እድር ፀሐፊ ናቸው። ሁለተኛዋ የዚያው እድር አባል ስትሆን ሶሲዮሎጂ ታስተምራለች።

ፀሐፊው፦ ያቆመው ደንቡ ነው። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ስም ጥሪውን አንሱትና ማን ወንበር እንደሚሸከም እናያለን! ዳኛ፣ ፀሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ሰዎቹ ይቀየራሉ፣ ሥራው ይቀጥላል። ተቋም ማለት ይኸው ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ የእኛ ቅጣት እኮ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነው። ለእሷ ብሎ ከሥራ አስፈቅዶ የሚመጣ አለ? ሰውን የሚያመጣው «እገሌ ለቅሶ አልደረሰም» መባሉ ነው። ክፍል ውስጥ «ኖርም» እያልን ተማሪ የምናደክምበትን ነገር እናቶቻችን ይሉኝታ ብለው ጨርሰውታል። ከሐዘንተኛ ጋር ካርታ እየተጫወተ የሚያመሸውን ጎረቤት የትኛው አንቀጽ አስገደደው?

ፀሐፊው፦ እህቴ፣ ይሉኝታ የሚሠራው ሰው ሲተዋወቅ ነው። እኛ ከአራዳም ከልደታም መጥተን በዕጣ የተገናኘን ነን። ማን ማንን ያፍራል? ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ደንብ መጻፍ ነበር። መግቢያ ስንት፣ ለወላጅ ስንት፣ ለአማት ስንት። በአማት ብቻ ሁለት እሁድ ተጨቃጭቀናል። ባይጻፍ ዛሬም እዚያው ነበርን።

መምህርቷ፦ ደንቡን እንድትጽፉ ማን አዘዛችሁ? ማንም። ቀበሌን ግን በ1967 ዓ.ም. መንግሥት በአዋጅ አቋቋመው። ፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ ስኳሩም የሚታደለው በእሱ በኩል ነበር። ነገሩ በቅጣት ቢሆን ኖሮ እንደ ቀበሌ ስብሰባ የሚወደድ ነገር ባልነበረ።

ፀሐፊው፦ ባይወደድም አዳራሹ ይሞላ ነበር።

መምህርቷ፦ ማስገደዱ ሲላላስ? አዳራሹ ባዶ ቀረ፣ እድሩ ግን አለ። እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በደንባችን ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል። ከታች ፎቅ ያሉት እናት አራት ወር አልከፈሉም ነበር። ልጃቸው ሲሞት ድንኳኑ ተተከለ ወይስ አልተተከለም?

ፀሐፊው፦ ተተከለ።

መምህርቷ፦ በየትኛው አንቀጽ?

ፀሐፊው፦ አንቀጽ የለውም። እንዴት ብዬ ነው የምከለክላቸው፣ በየቀኑ ደረጃ ላይ እንገናኛለን። ዕዳውን ግን ከሚከፈላቸው ላይ ቀንሼ በመዝገብ አስፍሬዋለሁ።